የተከረከመው ክታብ

በዚያ የገበያ ቀን መካነ ሰላም፣ ሱቁ ውስጥ የነበርነው አምስት ነን። ባለሱቁ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሟል። የሒሳብ መምህሩ የምስር ጆንያ ላይ ተቀምጦ ለስላሳ ይጠጣል። ከወግዲ መንገድ የመጣው ባለአህያ ልምጩን ይዞ በሩን ተደግፏል። የሟቹ ቄስ ባለቤት ጥቁር ለብሰው መሀል ላይ ናቸው። እኔ፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ጥግ ላይ ነኝ።

የቄሱ አርባ ሰኞ ነበር፤ ሁለት ቀን ቀርቶታል። ካህናቱና ጎረቤቱ ተጠርተዋል። ቤይሩት ያለችው ልጃቸው ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ እጅ ስለሆነ በባንክ መላክ አትችልም። ያጠራቀመችውን ሁሉ በጓደኛዋ በኩል በክሪፕቶ፣ ያለ ባንክ ከስልክ ወደ ስልክ በሚላከው የኢንተርኔት ገንዘብ፣ ልካለች። ባለሱቁ ክሪፕቶ የሚቀበለው ዕቃ የሚያመጣለት ነጋዴ ከሱ ስለሚቀበለው ነው። በስልክ የሚነሳውን የመክፈያ ኮድ ካርቶን ላይ ለጥፎ ከሚዛኑ አጠገብ አቁሞታል። ሴትየዋ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ጨውና ሳሙና ገዝተውበታል። ስልካቸውን ካርቶኑ ላይ አነጣጥረው አረንጓዴውን የመክፈያ ቁልፍ ሲጫኑ ከኔ ይልቅ እጃቸው ይረጋ ነበር።

ገንዘቡ የሚቀመጥበትን ዋሌት የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ስልክ ቢጠፋ ገንዘቡን የሚመልሱትን አሥራ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሦስት መስመር፣ አራት አራት አድርጌ ጻፍኩ። ማንም እንዳያየው፣ ከሰውነትዎ እንዳይለይ አልኳቸው። ፎቶ አላነሳሁትም። ያኔ በዚህ እኮራ ነበር።

ከዚያ ገበያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ስልካቸው የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ወድቆ አደረ። ከፈትኩት፤ ቦርዱ ዝጓል። ወረቀቱን ይዘው ይምጡ፣ በኔ ስልክ እናወጣዋለን ብዬ ላክሁባቸው።

ሲደርሱ ባለሱቁ ዕቃውን ደርድሮ ነበር፦ ሁለት ጀሪካን ዘይት፣ አንድ ጆንያ ዱቄት፣ ግማሽ ጆንያ ምስር። ወረቀቱን ስጠይቃቸው ከአንገታቸው ክታብ አወጡ። አዲስ ቀይ ቆዳ ነው፤ አራቱም ጠርዝ ተሰፍቷል።

መምህሩ ሳቀ። «እማማ፣ አንቱ ዶላሩን ከቡዳ ነው የምትጠብቁት?»

ባለሱቁም ወላሂ እንዲህ ያለ ባንክ አላየሁም አለና የጆንያ መቅደጃ ቢላውን አቀበለኝ። ሴትየዋ ክታብ አይከፈትም ብለው እጄን ያዙ። ከዚያ ዕቃውን አዩና ለቀቁኝ። ስፌቱን በጠስኩ።

ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ነበር። ስምንት ቃል። ከሥሩ በመቀስ ተቆርጧል፤ የሦስተኛው መስመር የፊደሎቹ ጫፍ ብቻ ቀርቷል። ገልብጬ አየሁት፤ ባዶ ነው።

«ማን ቁረጡት አለዎት?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፤ በሕይወቴ ትልቅ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ቆዳ ሰፊው ነው» አሉ። «ከቆዳው ተርፏል ብሎ ከረከመው። የተጻፈ ነገር አይረገጥም አልኩና ቁራጩን እሳት ውስጥ ጨመርኩት።» ከዚያ በቀስታ፣ «ማንም አላየውም፣ ልጄ። እንዳልከኝ ነው ያደረግሁት።»

አንድ ወይም ሁለት ቃል ቢጎድል በኮምፒውተር እየሞከርኩ አገኘው ነበር። አራት አይገኝም። ይህንኑ በዝርዝር አስረዳኋቸው፤ ማስረዳቱ ለማን እንደሚጠቅም አላሰብኩም። ገንዘቡን በስልኬ አሳየኋቸው፤ የዋሌቱን አድራሻ የሚያውቅ ሁሉ ማየት ይችላል። ቁጥሩ እንዳለ ነው። ጣታቸውን አስጠግተው አረንጓዴው የት አለ አሉኝ። የለም አልኳቸው።

ባለሱቁ መጀመሪያ ምስሩን ወደ ቦታው መለሰ፤ ለዚያም መምህሩን አስነሳው። ቀጥሎ ዱቄቱን። ሴትየዋ ዘይቱን ብቻ እስከ መስከረም በዱቤ እንዲሰጣቸው ጠየቁት። ጀሪካኖቹን እያነሳ፣ ፊቱ ላይ ቁጣ ሳይታይ፣ በተራ ድምፅ መለሰ።

«ልጅሽ ሌላ ክታብ ትላክልሽ።»

እስከዚያች ቅጽበት አንቱ ይላቸው ነበር። መምህሩ ለስላሳውን ትን እስኪለው ሳቀ። ዕቃቸውን ሊጭን የመጣው ባለአህያ፣ አህያዋ ባዶዋን ብትመለስም የመንገድ ኪራዩ ግማሹ አይቀርም አለ፤ ሴትየዋ ከመቀነታቸው ፈትተው ከፈሉት።

በኔ ዋሌት ውስጥ ለሁለቱም ጀሪካን የሚበቃ ነበረኝ። ካርቶኑ አንድ ክንድ ይርቀኛል። የገዛሁት ግን የስልክ ማጣበቂያ ቴፕ ነው፤ የመጣሁበት ጉዳይ ስለነበር። ስልኬ ጢው አለ፣ ባለሱቁ ደረሰ አለኝ።

ሰኞ አርባው ተበላ። ጎረቤት ሽሮ አዋጥቶ ነው ብለው ነገሩኝ። ሁለቱ ካህናት ሳይቀመጡ ሄዱ ያለም አለ። እኔ አልሄድኩም።

ያን ቀን አብራችሁኝ ለነበራችሁት የጻፍኩት ያየሁትን ብቻ ነው። ሴትየዋ ሲወጡ አቀርቅሬ ማጣበቂያውን ከጀርባው ወረቀት እያላቀቅሁ ነበር፤ ፊታቸውን አላየሁም። ከበሩ ላይ አንድ ነገር ተናግረዋል፤ ለኔ ይሁን ለባለሱቁ አልለየሁም። ባለአህያው፣ አንተ ከሁላችን ትቀርባቸው ነበር። መምህር፣ አንተም ያኔ ሳቅህን አቁመህ ነበር። ምን እንዳሉ የሰማችሁ ጨምሩበት፤ ያሉት በኔ ላይ ቢሆንም ሳታሳጥሩ።