ትልቅ መኪናን «ስፖርት» ማድረግ ለማን ይጠቅማል?

ዛሬ ዙሪክ፣ አልትሽቴተን የሚባለው ሰፈር አንድ ትልቅ የቅንጦት መኪና ስሞክር እንባዬ መጣ። ሻጩ በደስታ ያለቀስኩ መስሎታል።

«የስፖርቱ ዓይነት ነው፤ መንገዱን በወገብዎ ይሰሙታል» አለኝ።

በደርግ ጊዜ ጄኔቫ የሊሙዚን ሹፌር ነበርኩ። አለቃዬ የምነዳትን ለስላሳ መኪና ሸጦ የስፖርቱን ዓይነት ገዛ። ትበራለች፤ ስፕሪንጓ ግን ድንጋይ ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ተፈራን ዙሪክ ሆስፒታል እንዳደርስ ተለመንኩ። ከአዲስ አበባ እስር ቤት ወጥተው የመጡ አዛውንት ናቸው። ወገባቸው በድብደባ ስለተጎዳ ባቡር ላይ መቀመጥ አይችሉም። አለቃዬ መኪናዋን ፈቀደልኝ፤ ከኋላ አስተኛኋቸው።

አውራ ጎዳናው ያኔ የሲሚንቶ ንጣፍ ነበር። በየንጣፉ መጋጠሚያ ዱብ ባልን ቁጥር ያቃስታሉ።

«ልጄ፣ ቀስ በል።»

«ጋሼ፣ እየዳህኩ ነው። መኪናዋ ናት።»

«ይህችን የምታክል መኪና?»

ዳር ይዤ ቆሜ ካፖርቴን አጥፌ ከሥራቸው አነጠፍኩ። ምንም ለውጥ የለም። መንገዱን ገና ሳናጋምስ፣ ወደ ሎዛን ከተማ ስንቃረብ፣ ከኋላ ትከሻዬን ያዙኝ።

«መልሰኝ። እስር ቤት ምርመራ ላይ ያለሁ መሰለኝ።»

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እየጠበቀን ነው።»

«ይጠብቅ። ሁለተኛ አልገረፍም።»

መለስኳቸው። ሌላ ቀጠሮ ሳይገኝ በዚያው ክረምት አረፉ።

መፍጠን የሚፈልግ ትንሽ መኪና ይግዛ። ትልቅ መኪና ከኋላ የተቀመጠውን ሰው ካላሳረፈ ትልቅነቱ ለምኑ ነው? ይህን ለሻጩ በጀርመንኛ ማስረዳት አቃተኝ፤ ቁልፉን መልሼ ወጣሁ።

እናንተስ የታመመ ሰው ይዛችሁ መንገዱ አልገፋ ያላችሁ ቀን አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ። ዛሬ ብቻዬን ማሰቡ ከብዶኛል።