የልጄ ልደትና የእማሆይ ጎታ

ነገሩ የደረሰብኝ አምና በጥር ወር፣ ልጄ ቅድስት ስድስት ዓመት የሞላት ዕለት ነው። ልደት ሲነሣ ሰው ሁሉ ትዝ የሚለው ሻማና ኬክ ነው። እኔ ግን ትዝ የሚለኝ ብብቴ ሥር ጥርቅም አድርጎ የያዘኝ የጎታ አንገትና የአማቴ ፊት ነው። ሰው ይስቅብኛል ብዬ ለመጻፍ ሳመነታ ቆይቻለሁ። አሁን ግን አገሩ ሁሉ ሰምቶ ስቆ ጨርሷል፤ እንግዲህ ምን ቀረኝ?

እኔ የመርሐቤቴ ልጅ ነኝ፤ ያደግኩት ዓለም ከተማ ነው። መምህርት ሆኜ መንዝ ተመደብኩና እዚያው ትዳር ያዝኩ። ባለቤቴ ጌትነት ጓሳ የሚባለውን የመንዝ ጥብቅ ሥፍራ ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ነው። አንድ ቀን ልጃችንን በፈረስ አፈናጦ ይዟት ወጣና ቀይ ቀበሮ አሳያት። ከዚያን ቀን ወዲህ ቤታችን ውስጥ ከቀበሮ ሌላ ወሬ የለም። ስትተኛ ቀበሮ፣ ስትነሣ ቀበሮ ሆነ።

ልደቷ ሲቃረብ እንደ ጎረቤት ልጆች ልዕልት የተሣለበት ፊኛ ልግዛልሽ አልኳት። የቀበሮ ልደት ነው የምፈልገው አለች። የቀበሮ ልደት የሚሸጥ ሱቅ ደግሞ እንኳን በእኛ ከተማ፣ ደብረ ብርሃንም ቢኬድ አይገኝም። እኔም እልኸኛ ነኝ። ስልኬ ላይ የሰው አገር እናቶች ለልጆቻቸው የሚያዘጋጁትን እያየሁ ስቀና ነው የምከርመው። እኔ ከማን አንሼ፣ በእጄ እሠራዋለሁ አልኩ።

የምንኖረው በኪራይ አንዲት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ድግሱን አማቴ ቤት ለማድረግ ተስማማን። አማቴን እማሆይ ነው የምንላቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰዋል። ከከተማው ዳር፣ በጓሳ ሳር በተከደነ የድንጋይ ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ቁጥብ ሴት ናቸው። ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም፤ ግን ደግሞ ብዙም አያናግሩኝም። እኔም በስምንት ዓመት ትዳሬ እንደ ፈራኋቸው ኖሬያለሁ። ለድግሱ ፈቃዳቸውን ስጠይቅ፣ ቆጡ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ እንደ ፈለግሽ አድርጊው ብለው አሰናበቱኝ።

ቆጡ ላይ ስወጣ የማየውን ማመን አቃተኝ። ጠርዛቸው የተቦጫጨቀ ሰፌዶች፣ አይጥ የበላው አገልግል፣ ዳር ዳሩ የነተበ የሱፍ ባና፣ ጠጉሩ የረዘመ የበግ ለምድ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ፋኖስ። ሌላው ሰው አቧራ ያያል፤ እኔ ድግስ ታየኝ። ለሰፌዶቹ የካርቶን ጆሮ ቀጠልኩላቸው፤ በከሰል ዓይንና አፍንጫ ሥዬ ግድግዳው ላይ ስሰቅላቸው የለየላቸው ቀበሮዎች ሆኑ። ለምዱ ጭላዳ ዝንጀሮ ለሚሆነው ልጅ ተቀመጠ። ባናውን ከምሰሶው ወደ ግድግዳው ወጥሬ ገደል አስመሰልኩት። ቀበሮ የሚበላው አይጥ ነውና ከገብስ ጭኮ አይጦች ሠራሁ፤ ጆሮ አወጣሁላቸው፣ የክር ጅራትም ቀጠልኩላቸው። እማሆይ አዩና ዘንድሮስ ምራቴ አይጥ ልታበላን ነው ብለው ፈገግ አሉ። የእሳቸው ፈገግታ ብርቅ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋለ።

ከመደቡ ጥግ ደግሞ ጎታው ቆሟል። በጭቃ፣ በጭድና በእበት የተሠራ፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ፣ ቁመቱ እስከ ደረቴ የሚደርስ የእህል ማስቀመጫ ነው። የሠሩት የጌትነት አያት ናቸው። አሁን እህሉ በጆንያ ስለሚቀመጥ ጎታው ባዶውን ነው የሚውለው። ባዶም ሆኖ ግን እማሆይ በየዓመቱ መስከረም ላይ ጎንበስ ብለው በእበት ይለስኑታል። ጌትነት፣ እናቴ ከእኔ ይልቅ ይህን ጎታ ትወዳለች ይላል። እኔም እንደዚያው አምኜ ስለነበር አጠገቡ ሳልፍ እንኳ ቀሚሴን ሰብስቤ ነበር።

ለልደቱ ግን ጎታው የአይጦቹ ጉድጓድ እንዲሆን ፈለግኩ። አይጦቹን እዚያ አስቀምጣለሁ፤ ልጆቹ ደግሞ ከታች በእህል መውጫዋ ቀዳዳ እጃቸውን እየሰደዱ ያወጣሉ። እንዲህ ያለ ጨዋታ የሰው አገር እናቶችም አላሰቡትም ብዬ ኮራሁ። ችግሩ ቀዳዳዋ ከውስጥ በደረቀ ጭቃ ተደፍናለች። ከውጭ በማንካ ብቆፍራት እምቢ አለች።

የልደቷ ዕለት እሑድ ነው፤ ጌትነትም፣ ልጄም፣ እማሆይም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ድሮ ጎታ የሚጠረገው ቀጭን ሰው ገብቶበት ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ቀጭን ከተባለ ደግሞ በዚያ ቤት እኔን የሚያህል የለም። መንዞች ገና ስመጣ ጀምሮ ቆላ ያደረቃት እያሉ ሲቀልዱብኝ ኖረዋል። ጋቢዬን ጣልኩ፤ መደቡ ላይ ወጣሁ፤ ማንካዬን ይዤ ሁለት እጄን ወደ ላይ ሰቀልኩና በእግሬ ገባሁ። ሸርተት ብዬ ወረድኩ።

ውስጡ ጨለማ ነው፤ የቆየ ገብስ ይሸታል። ተጨማድጄ ቁጢጥ አልኩና ጭቃውን ፈነቀልኩት። ብርሃን ገባ። እሰይ ብዬ ብድግ አልኩ።

እጆቼ ወጡ፤ ጭንቅላቴ ወጣ፤ ትከሻዬም ወጣ። ከዚያ በኋላ የለበስኩት ወፍራም ሹራብ ጎታው ውስጥ ተጠቅልሎ ደረቴ ላይ ተወተፈ። በክንዴ ተደግፌ ራሴን ወደ ላይ ስገፋ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከጎታው አንገት ላይ አንዲት ቀጭን ስንጥቅ ወደ ሆዱ ወረደች። ልመለስ ብዬ ወደ ታች ስል ደግሞ ያው ሹራብ ብብቴ ሥር ይዞ አላወርድ አለኝ። በእግሬ ጣቶች እንደ ቆምኩ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የማልል ሆኜ ቀረሁ።

ብጮህ ሰው ይሰማኝ ይሆናል፤ ግን ምን ብዬ ልጩህ? መምህርቷ ጎታ ውስጥ ገብታለች ተብሎ ነገ ክፍል እንዴት ይገባል? ትንፋሼ አጠረ። አቧራው ያስለኛል፤ ባሳልኩ ቁጥር ስንጥቋ ትረዝማለች፤ ሳሉን ስውጠው ደግሞ የምታፈን ይመስለኛል። ራሴ የሠራኋቸው ቀበሮዎች ግድግዳው ላይ ሆነው ያፈጡብኛል። እግሬ ደነዘዘ። እውነቱን ለመናገር ግን ከሁሉ የፈራሁት እማሆይን ነው። ሌላ ዕቃ ቢሆን ግድ የለም፤ እንዴት ከዕቃው ሁሉ መርጬ የሚወዱትን እሰብርባቸዋለሁ?

ቅዳሴው አልቆ መጀመሪያ የደረሰችው ልጄ ናት። በሩ ላይ ቆም ብላ አየችኝ። ከዚያ ሮጣ መጥታ መሬት ላይ ተኛችና በቀዳዳዋ አጮልቃ እግሬን አየች።

"እማዬ፣ አይጧ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። ጨዋታ መስሏት ጣቷን ሰድዳ እግሬን ትኮረኩረኝ ጀመር። እንዳልስቅ ስንጥቁ፣ እንዳላለቅስ ልጄ፤ ጥርሴን ነከስኩ።

ጌትነት ተከትሎ ገባ። እማሆይ ለዝክር ወደ ኋላ መቅረታቸውን ሲነግረኝ ትንሽ ቀለለኝ። በብብቴ ይዞ ሊስበኝ ሲሞክር ጎታው እንደገና ቀጭ አለ፤ ሁለታችንም ደርቀን ቀረን። ሹራቡን ከትከሻዬ ላይ በመቀስ ቆረጠው፤ ውስጥ የተወተፈው ግን እጅ አይደርስበትም። ከጭኮው የተረፈኝን ቅቤ በግራና በቀኝ ጎኔ አፈሰሰብኝ። ጭኮ ሆንኩ እንጂ አልወጣሁም።

ጌትነት ጨነቀውና ጎረቤታችንን ጋሽ ሸዋንግዛውን ጠራ። ጋሽ ሸዋንግዛው ዙሪያውን ዞረው ካዩኝ በኋላ ይህ ምን ያነጋግራል፣ ስበሩትና ትውጣ አሉ። ጌትነት መሬት መሬቱን ያያል። እኔ እምቢ አልኩ።

"ጎታ ይሠራል፣ ሰው አይሠራም" አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው ቆጣ ብለው።

እማሆይ ሳያዩ አይሆንም ብዬ ድርቅ አልኩ። ለካስ ሰው ራሱን በራሱ ዘግቶ ቁልፉን ለሌላ ይሰጣል። ያን ጊዜ ግቢው በእንግዶች መሙላት ጀምሯል፤ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ እናቶቹ ምን ተፈጠረ ይላሉ። ጌትነት በሩ ላይ ቆሞ ይከለክላል። አንዷ ተማሪዬ በክንዱ ሥር አሾልቃ አየችኝና ለጓደኞቿ ነገረች። ሳቃቸውን ስሰማ እንባዬ መጣ። እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ አለቀስኩ።

ድንገት ግቢው ጸጥ አለ። እማሆይ መጡ ማለት ነው። መቋሚያቸውን እያንኳኩ ገቡ፤ እኔን አዩ፤ ጎታውን አዩ። ጌትነትንም፣ ልጄንም፣ ጋሽ ሸዋንግዛውንም አስወጡና በሩን ገርበብ አደረጉት። ከዚያ ስንጥቁን በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ።

"ይቅር ይበሉኝ እማሆይ። እንዳይሰበርብዎ ብዬ ነው እስካሁን የቆየሁት" አልኳቸው።

"ማን አይሰበር አለሽ?"

"እርስዎ ይወዱታል ብዬ ነዋ።"

መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ዓይናቸው ከታች ካለችው ቀዳዳ ላይ ነው።

"ሙሽራ ሆኜ ወደዚህ ቤት ስመጣ የወተት ጥርሴ ወልቆ አላለቀም ነበር" አሉ። "ከቤቱ ሰው ትንሿ እኔ ነኝ። ክረምት ገብቶ ጎታው ሲጎድል፣ ጥራጊውን አውጪ ብለው እዚህ ይከቱኛል። አንድ ቀን እንግዳ መጣ። ክዳኑን ገጠሙብኝና ረሱኝ። በዚያች ቀዳዳ የሰው እግር ሲመላለስ አያለሁ። ሙሽራ ድምፅዋ አይሰማም ብለውኝ ነበርና አልተጣራሁም። ያወጡኝ በጎቹ ከገቡ ወዲያ ነው።"

ከዚያ በኋላስ ስላቸው፣ ከዚያ በኋላማ በየክረምቱ ገባሁ፣ ቁመቴ እስኪከለክለኝ አሉኝ።

"ታዲያ ለምን በየዓመቱ ይለስኑታል?"

"አማቴ ሲሞቱ ጎታዬን አደራ አሉኝ። የሙት አደራ ይበላል? ባሌ የእናቴ እጅ ነው ይል ነበር፤ ልጄ የአያቴ ነው ይላል። ሁሉ የወደደውን እኔ ብቻዬን ምን ብዬ ልጥላው? ይኸው ሰበብ ስፈልግለት አረጀሁ።"

ተነሡ። ከጥግ የቆመውን ዘነዘና አነሡ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁትም። ቁጣ ነው እንዳልል ለስለስ ያለ ነው፤ ደስታ ነው እንዳልል ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል።

"ዓይንሽን ጨፍኚ" አሉኝ።

መጀመሪያ ቀስ ብለው፣ እኔን እንዳይነካኝ ከጎኔ ራቅ አድርገው መቱት። ስንጥቋ ተከፈተች። ሁለተኛ ሲደግሙት የጎታው አንገት ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ፤ እኔም በቅቤና በጭቃ ተለውሼ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። አየር ደረቴ ውስጥ ሲገባ ያመኝ ነበር። ጌትነት ድምፁን ሰምቶ በሩን ገፍቶ ገባ።

እማሆይ ግን አላቆሙም። እኔ ከወጣሁ በኋላም ይመታሉ። ሆዱን መቱት፤ ወገቡን መቱት፤ ቀዳዳዋ ያለችበትን ስባሪ ለብቻው ገልብጠው እስኪደቅ ድረስ ቀጠቀጡት። ጌትነት እማዬ በቃ፣ ወጥታለች ሊል አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። ሲጨርሱ ዘነዘናውን ወደ ቦታው መለሱ፤ ነጠላቸውን አራገፉ፤ በሉ ልጆቹን አስገቡ፣ ብርድ መታቸው አሉ።

ልደቱ ተከበረ። እኔ ፊቴን ታጥቤ፣ የእማሆይን ቀሚስ ለብሼ ሻማ ለኮስኩ። ለአይጦቹ ጉድጓድ አላስፈለጋቸውም፤ ልጆቹ በጭቃው ክምር ውስጥ እየደበቁ ፈለጓቸው፤ ከዚያ የተሻለ ጨዋታ እኔም አላስብም ነበር። ልጄ በመሐል አያቷ ጭን ላይ ወጣችና፣

"እማሆይ፣ እዚያ ውስጥ ምን ነበር?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"እኔ ነበርኩ" አሏት።

ቅድስት ከት ብላ ሳቀች። እናቶቹም ሳቁ። እኔ ጭኮ የማነሣ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

ዛሬ በገበያ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም ጎታዋ እያለ ይቀልድብኛል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ አሁን አብሬ እስቃለሁ። ጠባብ ቦታ ግን እስካሁን አልወድም፤ ሹራብ በጭንቅላቴ ሳጠልቅ እንኳ ልቤ ድው ድው ይላል። እኔ እዚያ የቆየሁት ቅዳሴና ዝክር እስኪያልቅ ነው። እሳቸው የስንት ዘመን እስረኛ እንደሆኑ ሳስብ፣ እንደዚያ ስፈራቸው የኖርኩት ሴት ያሳዝኑኛል፤ ከማዘኔም በላይ እወዳቸዋለሁ።

ሰሞኑን የዘንድሮው ልደት ሲቃረብ እማሆይ ራሳቸው አስጠሩኝ። ቆጡ ሥር ቆመው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

"ዘንድሮስ የምንሰብረው ምን አለ?" አሉኝ።

ሁለታችንም መደቡን ተደግፈን ሳቅን። እኔ ስቄ ስጨርስ ለካ እያለቀስኩ ነው፤ እሳቸው ግን ገና እየሳቁ ነበር።