በአንድ ጣት ያጠረች ቱቦ

ሰፈሩ ሁሉ «ቅብዝብዙ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ናት። ወንበር ላይ ገና አረፍ ሲል እሾህ የወጋው ይመስል ብድግ ይላል፤ ብድግ ካለ በኋላ ደግሞ ለምን እንደተነሣ ይረሳል። ሻይ አስቀድቶ ሳይቀምሰው ይወጣል። የሚረጋው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የሥራ ጠረጴዛው ላይ ካለው ወፍራም መስታወት ፊት።

ሥራው ትሮምቦን መጠገን ነው፤ በተለይ ስላይዱን፣ ነፊው ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚስበውን ረጅም ቱቦ። የስላይዱን የውስጥ ቱቦዎች መስታወቱ ላይ ያስተኛና ጎንበስ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። ከሥራቸው ፀጉር የምታህል ብርሃን ካለፈች ጎብጠዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ በአውራ ጣቱ ጫን፣ ለቀቅ፣ እንደገና ጫን ያደርጋቸዋል። «መዶሻ የሚያምረው ሰው በር ይሥራ» ይላል። ሲጨርስ ስላይዱን ቀጥ አድርጎ ይይዝና የውጪውን ቱቦ ይለቀዋል። በራሱ ክብደት ድምፅ ሳያሰማ ከወረደ ሥራው አለቀ።

ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በከተማው ባንድ ውስጥ የመጀመሪያውን ወንበር የያዘ ትሮምቦን ነፊ ነው። ባለፈው ወር መሣሪያውን ተሸክሞ መጣ።

«መግቢያ ቱቦዋ የበሰበሰች መሰለኝ። ትንፋሼ የት እንደሚገባ እንጃ።»

መግቢያ ቱቦ የሚሏት መንፊያው የሚሰካባት ጠባብ ቱቦ ናት። ስላይዱ ውስጥ ተደብቃ ስለምትበየድ ከቀለበቷ በቀር አትታይም።

«ለኔ ተዋት ጋሼ።»

«እሱን ነው የፈራሁት» ብሎ ሳቀና ሄደ።

ቅብዝብዙ ብየዳውን በጋዝ እሳት አሙቆ ቱቦዋን በጉጠት ሳባት። አረንጓዴ ዝገት በልቷታል። ዓይኑ የቀረው ግን ጫፏ ላይ ካለው ዘመም ያለ የሞረድ ምልክት ላይ ነው። የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ዐወቀ። የራሱ ነው።

ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ ሥራውን በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ ይህችን ቱቦ የቆረጣት እሱ ነበር። ቀለበቷ ከስላይዱ ውጪ ስለሚቀር ልኬቱ ከቀለበቱ በታች መጀመር ነበረበት። እሱ ከአናቷ ጀመረ። በአንድ ጣት ውፍረት አጠረች። ሌላ ቱቦ አልነበረውም፤ ወንድሙም በር ላይ ቆሞ እየጠበቀው ነበር። በየዳት። ወንድሙ ነፋባት፣ ፊቱን አጨማደደና «ይለመዳል» ብሎ ሄደ።

አሁን አዲስ ቱቦ በትክክለኛው ልክ ቆርጦ አስገባ። አሮጌዋን ቁርጥራጭ ሳጥን ውስጥ ወረወራት። ያ ነገር አበቃ ብሎ ራሱን አሳመነ።

በአሥረኛው ቀን ወንድሙ ባዶ እጁን መጣ።

«ከፍ ያሉት ድምፆች ዝቅ እያሉ ይወጡብኛል። ከንፈሬ ሞቷል።»

«አዲስ ስለሆነች ነው ጋሼ፤ ይለመዳል» አለ ቅብዝብዙ፤ ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ደነገጠ።

«አሥር ቀን ለፋሁ እኮ! በቃኝ። ቅዳሜ ለባንዱ መሪ ነግሬ ወንበሬን እለቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቅብዝብዙ መስታወቱ ፊትም መርጋት አቃተው። የሰው ስላይድ ጀምሮ ይተዋል። ሱቁን ቆልፎ ይወጣል፣ ከመንገድ ይመለሳል፣ ደግሞ ይቆልፋል።

«ምነው፣ ጉንዳን ወረረህ?» አለች ሚስቱ።

«ጋሼ ሊያቆም ነው።»

«ዕድሜ ነዋ።»

«ዕድሜ አይደለም። እኔ ነኝ።»

ነገራት። መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካች።

«ታዲያ እኔን ምን ትዞረኛለህ? እግርህ እንደሆነ አርፎ አያውቅ፤ አንድ ቀን እንኳ ወደሚጠቅምህ ቦታ ውሰደው!»

አርብ ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ገልብጦ አሮጌዋን ቱቦ አገኛት። ወንድሙ ቤት ሲደርስ ትሮምቦኑን በጨርቅ ሲወለውል አገኘው፤ የመሣሪያው ማኅደር አጠገቡ ተከፍቷል። ቅብዝብዙ ቱቦዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ምንድን ናት?»

«ያንተ ናት። አጭር ናት ጋሼ። ያኔ ተሳስቼ ነው የቆረጥኳት። አልነገርኩህም።»

ወንድሙ አንሥቶ አገላበጣት።

«ሃያ ስድስት ዓመት» አለ ቀስ ብሎ። «ድምፁ ወደ ላይ እየሸሸብኝ በከንፈሬ ወደ ታች ስጎትተው የኖርኩት... መሪው ‹ጆሮህን ታከም› ያለኝ... በአንተ ሞረድ ነው?»

«አዎ።»

«እሁድ እሁድ ምሳ ላይ ይህንን ሳወራህ ትስቅ ነበር እኮ።»

«እስቅ ነበር።»

 ወንድሙ ቱቦዋንም ትሮምቦኑንም ብድግ አደረገ።

«ና፣ አዲሷንም ቁረጥልኝ።»

«ትክክለኛው ልክ እኮ አሁን ያለው ነው።»

«ለማን ነው ትክክለኛ? ከንፈሬን በዚያኛዋ ሠርተኸዋል። አሁን ሌላ ከንፈር ልትገጥምልኝ ነው?»

ሱቁ ውስጥ ቅብዝብዙ አዲሷን ቱቦ አውጥቶ ከአሮጌዋ ጋር ለካት፤ በቆዳ ጠቅልሎ በሞርሳው መንጋጋ አሰራትና በሴጌቶ መጋዝ ቆረጣት።  ወንድሙ ከኋላው ቆሞ ያይ ነበር። ቅብዝብዙ ሊበይዳት ጋዙን ለኮሰ። ከዚያ መልሶ አጠፋው፤ ቀለበቷና የስላይዱ አፍ ላይ እንደ ብሎን የሚገጥም ጥርስ ማውጣት ጀመረ።

«አትበይዳትም?»

«አልበይዳትም። ከእንግዲህ ምን እንዳስገባሁልህ በጣትህ ፈትተህ ታያለህ።»

ወንድሙ ነፋ። ከፍ ያለው ድምፅ መጀመሪያ ተሰነጠቀ። ሁለተኛው ወጥቶ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከሱቁ ጀርባ ጓዳ ውስጥ ይንኳኳ የነበረው የሚስቱ የስፌት መኪና ዝም አለ። ነፊው ፈገግ አላለም። ቱቦዋን ፈታ፣ ከአሮጌዋ ጋር አስተያያት፣ መልሶ ገጠማትና ሁለቱንም ይዞ ወጣ።

ቅዳሜ ባንዱ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሁለት እሁድ ግን ለምሳ አልመጣም። በሦስተኛው መጣ፤ ከኪሱ አሮጌዋን ቱቦ አውጥቶ ከታናሽ ወንድሙ ሳህን አጠገብ አቆማት።

«እሷ እየጠበቀችህ ቁጭ ብለህ ብላ» አለው።

ቅብዝብዙ ምሳው እስኪያልቅ ከወንበሩ አልተነሣም።