ሦስት እጅ ለሰሜን

በ1969 ዓ.ም. ሀዋሳ ውስጥ እጅ ሳይወጣና ቃለ ጉባኤ ሳይጻፍ የሚደረግ ነገር አልነበረም፤ ሽርሽር እንኳ። ካሰች በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ፊደል አትስትም፣ የተባለ ነገር አትዘልም፣ በዚህም ትኮራለች። ኩራቷ ማንንም አያስቀይምም፤ ምስኪን፣ ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም።

እሁድ እሁድ ከከተማው ዳር ያለውን የታቦር ተራራ የሚወጡት የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች እሷን ጨምሮ ሰባት ናቸው። ለክረምት ትልቅ ተራራ አማራቸው። ባሌ ወይስ ሰሜን? ከሰዓቱን ሙሉ ተጨቃጨቁ። ሰብሳቢው አምሳሉ ባሌ ቅርብ ነው አለ። የመዝገብ ቤቱ ማቴዎስ ግን «ዋልያ ሳላይማ አልሞትም» ብሎ ድርቅ አለ። እጅ ሲወጣ አራት ለባሌ፣ ሦስት ለሰሜን ሆነ። ካሰች ረጅም መንገድ ስለማትወድ እጇን ለባሌ አወጣች።

ቃለ ጉባኤውን የምትጽፈው እሷ ናት፤ አምሳሉ «ባሌ ተመረጠ ብለሽ ዝጊው» ብሏት ነበር። እሷ ግን ማን ለየትኛው እጁን እንዳወጣ በስም ዘረዘረች። ለይለፍ ወረቀቱ ብላ ቀበሌ ያደረሰችውም ራሷ ናት።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራች። ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ጓድ ካሰች፣ ሰሜን ተራራ ላይ ማን እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«ዋልያ» አለች።

ሰውየው አልሳቀም። «ኢዲዩ ነው ያለው፣ አብዮቱን የሚወጋው ጦር። እነዚህ ሦስቱ ወደዚያ መንገድ እየፈለጉ ነው። በስህተት የገባ ስም ካለ አሁኑኑ ተናገሪ።»

ምናልባት በር እየከፈተላት ነበር፤ ምናልባትም እያጠመዳት። ማን ያውቃል? ካሰች አላሰበችም።

«እኔ የጻፍኩት ስህተት የለበትም» አለች። ምን እንዳለች የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው።

ሦስቱም በዚያው ሳምንት ተወሰዱ። ባሌም የሄደ የለም።

ሐምሌ ላይ የማቴዎስ ሚስት ታቢታ ካሰች ቤት መጣች። ጠዋት እስር ቤቱ በር ላይ «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» ብለው መልሰዋታል። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሳህኑን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።

«ካሰች፣ ሰሜን ብሎ ነው ይላሉ። ወረቀት ላይ ስሙ አለ ይላሉ። እውነቱን ንገሪኝ፣ የትኛውን ነበር የመረጠው?»

ካሰች የታቢታን ፊት ማየት አቃታት። አዘነችላት፤ ለራሷም ፈራች።

«ባሌን፣ እትዬ ታቢታ። እንደኛው ባሌን ነው የመረጠው።»

ታቢታ ሳህኑን ደፍ ላይ አስቀመጠች።

«ታዲያ ስሙን ሰሜን ላይ ማን ጻፈው?» አለች።