ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ንግግር ያደረገው ብርጭቆ ጠጋኝ

ሰፈሩ ውስጥ «ፈረንጁ» ነው የሚባለው። ባሕር መሻገሩ ይቅርና፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ከከተማ የወጣባቸው ቀናት በጣት ይቆጠራሉ። ቤቱ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ፣ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው። ስሙንም ያወጣችለት እሷው ናት። አንድ ቀን የደመወዙን ወረቀት ኪሱ ውስጥ ረስቶ ሱሪውን ለጥገና ቢሰጣት፣ «ክቡር የውጭ አገር እንግዳችን» የሚል አነበበችና ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ የለም።

«የደመወዙን ወረቀት» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲው እንደሱ ብሎት አያውቅም። ነገሩም እዚሁ ላይ ነው።

ሰውዬው ብርጭቆ ጠጋኝ ነው። የመጠጥ ብርጭቆ አይደለም። ኬሚስቶች የሚያፈሉበትን፣ የሚያጣሩበትን፣ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ ቱቦ ያለውን ነው የሚጠግነው። ሙያውን የተማረው የኒዮን መብራት ቱቦ እያጎበጠ የሱቅ ስም ከሚጽፍ አጎቱ ነው። አንድ ዕቃ ሲሰነጠቅ አዲሱ ከውጭ እስኪመጣ ስምንት ወር ይፈጃል። እሱ ግን በጓሮው፣ በቆርቆሮ በከለላት ክፍል፣ የተሰነጠቀውን በእሳት አቅልጦ፣ በቀጭን ጎማ ትንፋሹን እየሰጠ፣ በሁለት ቀን እንደ ነበር ያደርገዋል። ከዚያ ወደ ምድጃው ያስገባና ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ይተወዋል። ካልታገሡት ራሱን በራሱ ይሰብራላ!

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ኃላፊው ፕሮፌሰር አስጠሩትና አንድ ዕቃ አስጠገኑ። ሥራው አማረ። የሥራውን ዋጋ ሊቀበል ፋይናንስ ሲሄድ ግን፣

«ሠራተኛ ነህ?» አለው የመስኮቱ ሰው።

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ከሦስት ብርጭቆ ጠጋኞች ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ።»

«ይሄን ሥራ የምሠራው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌሎቹን ከየት ልውለድ?»

«አንተ ብቻ ከሆንክ ውድድር የለም። ውድድር ከሌለ ክፍያ የለም።»

ይህን የተናገረው ሰው ምሳውን በልቶ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ሰላም ተኝቷል።

አምስት ወር ተመላለሰ። በስድስተኛው የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ አንጀቷ አልችል አለ። እትዬ ይላታል፤ በዕድሜ ትበልጠዋለች፣ ምላሷ ስለት ነው፣ ልቧ ግን ሌላ። ከመሳቢያዋ አንድ ገጽ ቅጽ አወጣች። ከውጭ አገር መጥተው ንግግር ለሚያደርጉ እንግዶች የሚሞላ ነው። ፕሮፎርማ የለው፣ ንግድ ፈቃድ የለው፣ በሦስተኛው ቀን ክፍያው ይወጣል። ዩኒቨርሲቲው የውጭ ሰው ፊት ማፈር አይወድም፤ የራሱ ሰው ፊት ግን ማፈር ምን እንደሆነ አያውቅም።

«አገርህን ምን ልበል?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው እትዬ? አገሬማ እዚሁ ነው።»

«እዚህን አይቀበልም። ጎረቤት አገር ልበልና እንገላገል። ፓስፖርት በሚለው የመታወቂያህን ቁጥር አስገባለሁ። የንግግሩ ርዕስ?»

«የምን ንግግር?»

«እንግዳ ንግግር ያደርጋል እንጂ ብርጭቆ ይጠግናል እንዴ? ቶሎ በል፣ ሥራ አለብኝ!»

አሰበ፣ አሰበና፣ «ብርጭቆ ለምን ይሰነጠቃል» አለ።

ፕሮፌሰሩ ቅጹን አነበቡት፤ ልብ በሉ፣ አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። «ወይኔ፣ ይሄ ንግግር እንዴት አመለጠኝ!» ብለው ፈረሙ።

የእንግዳ ቆይታ ከአሥራ አራት ቀን እንዳይበልጥ ደንብ አለ። ስለዚህ ፈረንጁ በየሁለት ሳምንቱ በወረቀት ወደ አገሩ ይመለሳል፣ በወረቀት ይመጣል። በእግሩ ግን ከአጥሩ ጀርባ ንቅንቅ አላለም። ሠራተኞች የሚሰለፉበት መስኮት ፀሐይ ላይ ነው፤ የእንግዶቹ ክፍል ስፖንጅ ወንበር አለው። እዚያ ሲቀመጥ ጫማውን ከወንበሩ ሥር ይደብቅ ነበር።

ከዚያ ሚስቱ ወደቀች። የመጋዘን ደረጃ ስታጸዳ አዳለጣትና ዳሌዋ ላይ ያለው መጋጠሚያ ደቀቀ። ሐኪሞቹ በብረት ካልተተካ አትሄድም አሉ። ይህን የሚሠራው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው፤ ለቋሚ ሠራተኛ ቤተሰብ በነጻ፣ ለሌላው እሱ ዕድሜ ልኩን ቢነፋ በማይደርስበት ዋጋ። በክራንች ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አልጋ ሆነ ኑሮዋ።

በዚህ መሃል ማስታወቂያ ወጣ። የላቦራቶሪ ብርጭቆ ጥገና ባለሙያ፣ ብዛት አንድ፣ ቅጥር በቋሚነት፣ አሥር ዓመት የሥራ ልምድ። እትዬ ከሰሌዳው ስር በስልክ ጮኸች፦ «ያንተን ልክ ወስደው ነው የሰፉት! ሩጥ!»

ሮጠ። የሥራ ልምድ ማስረጃ ጽፈው እንዲሰጡት የሰው ኃይል ኃላፊው ዘንድ ገባ። ኃላፊው የመታወቂያውን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ መታና ብድግ አለ።

«ይቅርታ፣ ይቀመጡ እንጂ። ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት ንግግር! እንደ እርስዎ ያለ እንግዳ አጋጥሞኝ አያውቅም።»

«ንግግር አላደረግኩም ጌታዬ። ብርጭቆ ነው የምጠግነው። ቤቴ ከአጥሩ ጀርባ ነው።»

ኃላፊው ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «ብርጭቆ ነው የምትጠግነው?» አለ። እርስዎነቱ እዚያው ላይ አለቀ።

«አዎ።»

«እኔ ጋ ያለው እንግዳ ነው። ለእንግዳ የምስጋና ወረቀት እንጂ የሥራ ልምድ አይጻፍም። የውጭ ዜጋ ደግሞ በቋሚነት አይቀጠርም።»

«የውጭ ዜጋ አይደለሁም! መታወቂያዬ እጅህ ላይ ነው!»

«ስለዚህ ቅጾቹ ሐሰት ናቸው። ማን እንደሞላቸው በጽሑፍ አሳውቀን፣ ማስረጃህን እንጽፍልሃለን። የምዝገባው ማብቂያ ዓርብ ነው።»

እትዬ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይቀራታል። ይህን ኃላፊውም ያውቃል፣ እሱም ያውቃል።

ማታ ለሚስቱ ነገራት። «ጻፍም አትጻፍም አልልህም» አለች። «ግን ድኜስ እሷ ፊት በየትኛው እግሬ ልቆም ነው?»

አልጻፈም። ሰኞ አልጻፈም፣ ማክሰኞ አልጻፈም። ረቡዕ እትዬ ከመዝገብ ቤት ወሬው ደርሷት በሩን በርግዳ ገባች።

«አንተ ጅል! ለእኔ ብለህ ነው ይቺን ምስኪን አልጋ ላይ የምታስቀራት? ማን ለመነህ?»

«እትዬ፣ ጡረታሽን...»

«ጡረታዬን ተወው! ሠላሳ ዓመት አገልግያለሁ፣ ቢበዛ ማስጠንቀቂያ ይጽፉብኛል። የሞላሁትም እኔ ነኝ፣ የምናገረውም እኔ ነኝ!»

በማግስቱ በእጅ ጽሑፏ ሁለት ገጽ ጽፋ አስገባች። የፕሮፌሰሩን ስም አላነሳችም። ኮሚቴ ተቀመጠ። ፕሮፌሰሩ ተጠርተው «በሥራ ብዛት ሳላነብ ፈርሜያለሁ» አሉ፤ ኮሚቴውም ለፕሮፌሰሩ የሥራ ጫና አዘነ። እትዬ ከሥራ ተሰናበተች። ለፈረንጁ ደግሞ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ ደረሰው፦ ቅጾቹ ሐሰተኛ መሆናቸው ስለተረጋገጠ ሁሉም ተሰርዘዋል፤ ስለሆነም ግለሰቡ በሠራተኛነትም ሆነ በእንግዳነት ከተቋሙ ጋር ግንኙነት ኖሮት አያውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ በአንድ አንቀጽ ይጠፋል። በየመደርደሪያው እሱ የጠገነው ዕቃ እየፈላ፣ እየተጣራ፣ በእሱ ብርጭቆ የተመረቁ ዶክተሮች እየተጨበጨበላቸው! የሥራ ቦታው ደግሞ «መስፈርቱን የሚያሟላ አመልካች ባለመገኘቱ» ተሰረዘ።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ከሰዓት በኋላ ፕሮፌሰሩ ራሳቸው መጡ፤ በፎጣ የተጠቀለለ ረጅም ብርጭቆ እንደ ሕፃን ታቅፈዋል።

«ደህና ዋልክ ወንድሜ። ያሳለፍነውን እናውቃለን፤ ምን ይደረግ፣ አሠራር ነው። ይሄ ተሰነጠቀብን። ሰኞ ከውጭ አንድ ትልቅ ሰው ይመጣል፣ እውነተኛ እንግዳ ማለቴ ነው፣ ሥራችንን ሊያይ። ክፍያውን አታስብ፣ ከኪሴም ቢሆን።»

ፈረንጁ ፎጣውን ገልጦ ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰ። ለእሱ የአንድ ቀን ሥራ ነው።

«ክፍያ አልፈልግም» አለ። «ወረቀት ይጻፉልኝ። ማህተም አይኑረው፤ በእጅዎ ይበቃኛል። አሥራ አንድ ዓመት ብርጭቆ ጠግኜልዎታለሁ፣ ያንኑ ብቻ። ሌላ መሥሪያ ቤት ይዤው እሄዳለሁ።»

«እሱማ ምን ችግር አለው!» አሉ። ከልብ ያሉት ይመስለኛል። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ እስክሪብቶ አወጡ፣ ስማቸውን ከነማዕረጉ ጻፉ። «በዚህ ሰው ሥራ ላይ ምስክርነቴን ስሰጥ...» ድረስ እጃቸው ፈጠነ። ከዚያ ቆመ።

«አሥራ አንድ ዓመት የሚለውን እንኳ ብንተወው?»

«ለምን?»

«ለኮሚቴው አላውቅም ብያለሁ። አሁን አውቀዋለሁ ብዬ ብፈርም...» ቃሉን አልጨረሱትም።

«አዎ» አለ ፈረንጁ። «እንደዚያ ነው የሚሆነው።»

ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ለሁለት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ላስብበት። ግን ሰኞ እኮ እንግዳው ይመጣል!»

«ይምጣ። እሱ ንግግር ያደርጋል፤ ብርጭቆ አይጠግንም።»

ፎጣውን ራሱ ጠቀለለላቸው፤ ስንጥቁ እንዳይብስ በጥንቃቄ። ፕሮፌሰሩ በሁለት እጃቸው ታቅፈውት ወጡ፤ በሩንም ክፍት ትተውት ሄዱ።

«ፕሮፌሰር!» ብላ ተጣራች ሚስቱ ከአልጋዋ። «በሩን ይዝጉት እንጂ፣ ብርድ ይገባል!»

አልተመለሱም። ተነሥቶ ዘጋው።