ካምፕ ላይ የተቋረጠው መንገድ

አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ በምንከባከብበት ጊዜ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሚኖሩ ባልና ሚስት ደርሰውኝ ነበር። ኩሉንግ ናቸው፤ ከኔፓል ተራሮች የወጣ፣ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ሕዝብ። ቡታን ኖረው፣ ከዚያ ተባረው፣ ኔፓል ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ዕድሜያቸውን ፈጅተው ነው ከልጃቸው ጋር አሜሪካ የገቡት።

ሽማግሌው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ ዘራቸው ያወሩኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አባቶች ወንዝ ተከትለው ተራራውን እንዴት እንደወጡ፣ የት እንዳደሩ፣ ማን ማንን እንደወለደ፣ ሁሉንም በቃላቸው ይዘውታል።

"እኛም አገር እስከ ሰባት ቤት እንቆጥራለን፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ" አልኳቸው፣ ላለመበለጥ።

"እኛም ለጋብቻ እንቆጥራለን። ዋናው ግን ለሞት ነው" አሉኝ።

ሰው ሲሞት፣ የሚያውቅ ሽማግሌ አባቶች የመጡበትን መንገድ ወደ ኋላ እየጠራ፣ ነፍሱን ከሞተበት ቤት እስከ መጀመሪያው ቦታ ድረስ ይመራታል። ጥሪው የሚደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መሃል ላይ ከተቋረጠ ነፍሲቱ እዚያው ትቀራለች።

በክረምቱ ሚስታቸው ሞቱ። ከኦሮራ የሚነሳውን መንገድ ያወረሳቸው ሰው ስለሌለ መጀመሪያውን ራሳቸው አበጁት፤ ከደጃፍ ወደ ኮልፋክስ ጎዳና፣ ከኮልፋክስ ወደ ኤርፖርት፣ ከዚያ ካምፑ፣ ቡታን፣ ወንዙ። ልጃቸው ግን ጴንጤ ሆኗል፤ የሰይጣን ሥራ ቤቴ አይሠራም ብሏል። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ በነገሩ አላምንም። እሱን የጠላሁት በሃይማኖቱ ሳይሆን በአፉ ነው።

ልጁ ሥራ የሚገባበትን ቀን ጠብቀው ጀመሩ። ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ሩዝና ውሃ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጠራሉ። ከማላውቀው ቋንቋ መሃል "ኮልፋክስ" ስትመጣ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሰሙኝም፣ ከሚስታቸው ጋር ርቀው ሄደዋል።

ልጁ ከሥራ ቀደም ብሎ መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ ሩዙን አነሳና ሲንክ ውስጥ ደፋው።

"አባባ፣ ይብቃዎት። እማማ ሞታለች። ለሬሳ አቅጣጫ የሚነግሩት ጂፒኤስ ነዎት እንዴ?" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሻወር ሊወስድ ገባ።

ሽማግሌው ጥሪውን አቋረጡ።

"እንደገና ከዚህ ይጀምሩ፣ እሱን እኔ እይዝልዎታለሁ" አልኳቸው።

"እዚህ ማንን ልምራ? እሷ እዚህ የለችም" አሉኝ። "ካምፑ ደርሰን ነበር።"

ሚስታቸውን አውቃቸዋለሁ። የካምፑ ወሬ ሲነሳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ ሴት ነበሩ። ሁለት ልጆች እዚያ ቀብረዋል።

ሥራዬን ጨርሼ ስወጣ ልጁን ፓርኪንጉ ላይ አገኘሁት፣ ከመኪናው ዕቃ ሲያወርድ። እንዲያመው ፈልጌ ነው የነገርኩት።

"እናትህ ካምፕ ናት። እዚያ ያስቀረሃት አንተ ነህ።"

ይስቅብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ካርቶኑን እንዳቀፈ ቆሞ ቀረ። ለካ ከአባቱ እኩል ያምናል።

"ካምፑ እኮ ተዘግቷል" አለኝ። "ቤቶቹን አፍርሰዋቸዋል። አሁን እዚያ አንድም ሰው የለም።"