የጋሼ ድምፅ በደከመ ድንጋይ

ልጄ የድሮ ካሴታችንን ወደ ስልኳ አስገልብጣ መጣች። ግጥሙ አልያዝ ቢላት በጣቷ ነካ አድርጋ ዘፈኑን አዘገየችው። «አየሽ እማ፣ ቀስ አለ እንጂ ድምፁ ንክች አላለም!» ብላ ፈነደቀች። እኔ ግን፣ ምን ልበልህ፣ ሆዴ ባባ።

ካሴቱ ላይ የሚዘፍነው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ጋሼ። ኮልፌ፣ እዚያ የጭቃ ቤታችን ውስጥ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው ድምፁን በቴፓችን ቀዳ። እኔ አጨበጭባለሁ፤ ውጭ አውራ ዶሮ ይጮሃል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ድምፁ ገና ቀጭን። «ስመለስ በወፍራሙ እደግምልሻለሁ» ብሎ ሳቀ። ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

እማዬ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴፑን ታስከፍተኝ ነበር። የባትሪ ድንጋይ እንደ ልብ አይገኝም። የደከመውን ጥርሴ እስኪያመኝ እነክሰውና ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ አሰጣዋለሁ። የጋለው ቆርቆሮ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ድንጋዩ ሞቅ ሲል ጋሼ እንደ ራሱ ይዘፍናል። ሲደክም ግን ዘፈኑ ይጎተታል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ የጎልማሳ ድምፅ ይሆናል። ያን ስሰማ እኔ እናደድ ነበር።

አንድ እሑድ አክስቴ አዲስ ድንጋይ ይዛልኝ መጣች። እየዘለልኩ ከተትኩት፤ የጋሼ ድምፅ ኩልል ብሎ ወጣ። የእማዬ ፊት ጠቆረ።

«አውጪው።»

«እማዬ፣ አዲስ እኮ ነው!»

«አውጪው አልኩሽ! የደከመውን መልሺልኝ። በሱ ልጄ ጎልምሷል።»

እያለቀስኩ መለስኩላት። እሷ ዓይኗን ጨፍና ያንን ቀርፋፋ ድምፅ እየሰማች «እሰይ፣ ልጄ አደገልኝ» ትል ነበር። ያኔ አልገባኝም።

አሁን እሷም የለችም። ልጄ ሃያ ስድስት ሞልቷታል፤ ጋሼ ግን ስልኳ ላይ ቢዘገይም ባይዘገይም ያው ዐሥራ ዘጠኝ ነው። ከልጄ የሚያንስን ልጅ «ጋሼ» ልል ብሞክር አፌ እምቢ አለኝ።

«ድምፁን ማወፈር ትችያለሽ?» አልኳት።

«ይበላሻል እኮ፣ እማ!»

«ግድ የለሽም፣ ይበላሽ።»

ነካ ነካ አደረገችው። ድምፁ ወፈረ፣ ጎረነነ፤ አውራ ዶሮው ሳይቀር አረጀ። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጋሼ፣ መጣህ?» አልኩት።